ፈላና በር ላይ የሠራሁት ነደባ

መኪናዬን እወዳታለሁ። እንዲህ ስል የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ከእንግዲህ የማፍረው ሰው የለም። ላንድሮቨሯን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሐራጅ ላይ ያነሳኋት የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው፤ ያኔም አሮጌ ነበረች። ከገጠር ድንችና ሽንኩርት እየጫንኩ ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ ያራገፍኩት በእሷ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት፣ የድሬዳዋም የጅጅጋም ዘመድ የጠየቅኩት በእሷ ነው። አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። እሺ፣ ሦስት ቀን ጥላኛለች፤ ሦስቱም ቀን ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ቀለሟን አትጠይቁኝ። እኛ ሐረር ረመዳን ሲቃረብ ቤት እንቀባለን። ባለቤቴ መርየም ግድግዳውን በኖራ፣ በሩን በዘይት ቀለም ትቀባና ጣሳው ውስጥ የተረፈውን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ መኪናዋን እቀባበታለሁ። ስለዚህ አንድ ዓመት አረንጓዴ፣ አንድ ዓመት ሰማያዊ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ሮዝ ነበረች። በሮዙ ዓመት ገበያው ሁሉ «ሙሽራዋ መጣች» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። የጋቢናዋ በር ደግሞ ዘዴ ይፈልጋል። ከሥር በጉልበት ደገፍ ታደርገዋለህ፣ እጀታውን ወደ ላይ ታነሳዋለህ፣ ከዚያ አንዴ በትከሻ። ከእኔ ሌላ የሚችልበት የለም። መርየም በተሳፈረች ቁጥር በሩን የምዘጋላት እኔ ነኝ፤ ይህም ደስ ይለኛል።

ኒቆዲሞስ የሚባል ወዳጅ አለኝ። የአያቱ አባት ከሸዋ መጥተው ከከተማው ግንብ ውጭ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ ግን ሲናደድም «አቦ» ሲደሰትም «አቦ» የሚል የለየለት ሐረሬ ነው። በቅርቡ ኤረር ወርዶ የብርቱካን እርሻ ጀምሯል። የሚነዳው ነጭ ቪትዝ ነው፤ በዚያች መኪና ኤረር እርሻ ድረስ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ጠዋት ፈረስ መጋላ ቁጭ ብለን ፈጢራ ስንበላ፣ «ዑስማን፣ ቁልፍ በቁልፍ እንለዋወጥ» አለኝ።

«ምን በምን?»

«ላንድሮቨሯን ስጠኝ፣ ቪትዟን ውሰድ።»

«ያቺን የሶፍት ካርቶን?» አልኩት። ፈጢራው አነቀኝ።

«አንተ ከእንግዲህ ሽንኩርት አትጭንም። ደግሞ የመርየም ጉልበትስ?» አለ።

የመርየምን ጉልበት ከመኪናዬ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ተነሥቼ ሄድኩ። ሂሳቡንም ሳልከፍል ነው የሄድኩት።

እውነቱን ለመናገር ግን ይገናኛል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ ጉልበቷ ከድቷታል። ሐኪሙ ከፍ ያለ ነገር አትውጪ፣ ከፍ ካለ ነገርም አትውረጂ አላት፤ ላንድሮቨሯ ደግሞ ከፍ ያለች ናት። የሰፈራችን መንገድ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ የምትቆመው ፈላና በር ከሚባለው የግንቡ መግቢያ አጠገብ ካለችው መጋዘኔ ደጃፍ ነው። መጀመሪያ እዚያ አቅፌ አነሳኋት። አትክልት የሚሸጡት ሴቶች አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ሳቁ፤ እሷም «ሁለተኛ እንዳትነካኝ» አለችኝ። በርጩማ አመጣሁ። በርጩማው ተንገዳገደና ለጥቂት ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ በርጩማ ስታይ ፊቷ ይለወጣል። በመጨረሻ በባጃጅ ሄደች። ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ አልደብቅም። «ዑስማን መኪና እያለው ሚስቱ በባጃጅ? ሰው ምን ይለኛል?» ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩ።

ከዚያ በኋላ መርየም «አፎቻ ጠገብኩ» አለች። አፎቻ የእኛ ማኅበር ነው፤ ሰርጉም ለቅሶውም በእሱ ነው የሚያልፈው። መርየም ደግሞ በሴቶቹ አፎቻ ውስጥ ዝም ብላ የምትቀመጥ አባል አይደለችም፣ ከበሮ መቺዋ ናት። ከበሮውን ከረቡ እንለዋለን። እሷ ስትመታው የታመመ ሰው ይነሳል፤ ይህን የምለው ባሏ ስለሆንኩ አይደለም። እንግዲህ ያን ከረቡ ግድግዳ ላይ ሰቀለችውና ስምንት ወር ቤት ዋለች። ጠገብኩ ስትል አመንኳት፤ ማመኑም ተመችቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ጊደር መጋላ ውስጥ ሐጃ ናፊያ ያዙኝ። የአፎቻው ትልቅ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ምርኩዛቸውን ከመደገፊያነት ይልቅ ለመጠቆሚያ ይጠቀሙበታል።

«አንተ ዑስማን፣ መርየምን ምን አደረግካት?»

«እኔ ምን አደረግኳት፣ ራሷ ናት ጠገብኩ ያለችው።»

«ጠገብኩ!» አሉ ምርኩዛቸውን ደረቴ ላይ እየቀሰሩ። «በእሷ ቦታ ከበሮውን ዋፊቃ እየመታችው ነው። ወላሂ ቂጣ የምትጠፈጥፍ ነው የምትመስለው። የወንድምህ የሐሰን ልጅ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀረው። ሂክማ ያለ መርየም ከበሮ ልትዳር ነው?»

«እነግራታለሁ፣ ሐጃ፤ እርስዎ አይጨነቁ» ብዬ አመለጥኳቸው።

ማታ ቤት ገብቼ መርየምን አየኋት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ዓይኗ ምስሩ ላይ ሆኖ የግራ እጇ ጣቶች ሰፌዱን ይመታሉ። የሰርግ ምት ነው፣ አውቀዋለሁ። ይህች ሴት ምንም አልጠገበችም፤ ሂክማን በእጇ ያሳደገች ናት፣ ሰርጓ ላይ ካልመታች ዕድሜ ልኳን ይቆጫታል።

ያኔ ኒቆዲሞስ ትዝ አለኝ። ትዝ ያለኝን ደግሞ ወዲያው አባረርኩት። የተቀመጥኩት ነደባዬ ላይ ነው፤ ነደባ የሐረር ቤት መቀመጫ ነው፣ በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ በቀይ አፈር የሚቀባ፣ ከፊት ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ከፍ ከፍ የሚል። መርየም በዚያ ጉልበቷ ዝቅ ካለው ወደ ከፍተኛው ቀስ እያለች እንደምትወጣ በየቀኑ አያለሁ። ነደባ እንደ በርጩማ አይንገዳገድም። እንግዲያው መኪናዋ ጥግ ነደባ ቢሠራስ? አልሐምዱሊላህ አልኩ። በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ ግንበኛውን ሙሜን ፈላና በር ወሰድኩት።

«ነደባ ደጅ?» አለ።

«አዎ፣ ደጅ።»

«ማን ሊቀመጥበት?»

«ማንም አይቀመጥበትም። ልንሳፈርበት ነው።»

ሙሜ ትንሽ አየኝና ጭቃውን ማቡካት ጀመረ። ከመጋዘኔ ግድግዳ አስደግፎ ባለ ሦስት ደረጃ ነደባ ሠራልኝ፤ ሦስተኛው ልክ ከመኪናዋ ወለል ጋር እኩል፣ በሜትር ለክቼ። ቀይ አፈር አስቀባሁት። ሰፈሩ «ዑስማን ለመኪናው ሳሎን ሠራላት» አለ። ኒቆዲሞስ መጥቶ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ አገጩን አሻሸ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለኝ። «አትጠይቀኝ» አልኩት። ጠይቆኝ ቢሆን ደግ ነበር።

የሰርጉ ቀን መርየም የአጥላስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከረቡዋን ታቅፋ ወጣች። አንደኛውን ደረጃ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ወጣችና ቤቷ እንደገባች ሁሉ ጋቢና ገባች። አትክልት ሻጮቹ ማሻአላህ አሉ። በጉልበቴ ደገፍኩ፣ እጀታውን አነሳሁ፣ በትከሻዬ ዘጋሁ። እስከ ወንድሜ ቤት ድረስ እያፏጨሁ ነዳሁ።

ሐሰን የሚኖረው ከግንቡ ውጭ አዲሱ ሰፈር ነው፤ ግቢው ሰፊ ስለሆነ መኪናዋን እስከ ውስጥ አስገባኋት። ወርጄ በሩን ከፈትኩላት። እሷ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። መሬቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ነደባው የታል?» አለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የጫንኩ ሰውዬ፣ የተሳፈረ ሰው እንደሚወርድ አላሰብኩም። አንዱ በርጩማ ይዞ ሮጦ መጣ፤ መርየም በርጩማውን ስታይ በሩን ጨበጠች። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመን እናውርዳት አሉ። «ማንም እንዳይነካኝ» አለች በቀስታ። ሰው ተሰበሰበ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሐጃ ናፊያ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ መጡ። ነገሩን አንድ ጊዜ አይተው ገባቸው። «በቃ፣ እዚያው ሆነሽ ምቺው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሂድ፣ ወንዶቹ ጋ ተቀመጥ። የምትሠራውን ሠርተሃል።»

ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ከሐሰን ጎን ተቀምጬ ሩዝ ቀረበልኝ፤ አልወርድ አለኝ። ከዚያ ከረቡው ተሰማ። የመርየም እጅ ነው፣ በሺህ ሰው መሐል አይጠፋኝም። ሴቶቹ ዘፈኑን ተቀበሏት፣ እልልታው ግቢውን ሞላው። ሾልኬ ወጥቼ አየሁ። ሴቶቹ መኪናዋን ከበው ይዘፍናሉ፣ ግማሾቹ ከኋላ ወንበሩ ላይ ወጥተዋል፣ ሂክማ ሙሽራዋ ራሷ ቀሚሷን ሰብስባ ጋቢናው በር ላይ ቆማለች። መርየም ትስቃለች። ስምንት ወር ሳቋን አልሰማሁም ነበር፣ አለመስማቴንም አላወቅኩም። አቦ፣ መኪናዬ አዳነችን አልኩ በልቤ፣ ተመልሼም ሩዙን ጨረስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አፌ አላርፍ አለ። «አየሽ? ኒቆዲሞስ ይስማ እንግዲህ። በቪትዝ ቢሆን እንዲህ ያለ ሰርግ ይኖር ነበር?» ፈላና በር ደርሰን መኪናዋን ከነደባው አስጠጋሁ፤ ሦስቱን ደረጃ ወርዳ የመጨረሻው ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

«ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት» አለች። «ለሰርግ ይሁን። ሙሽራዋን ከክፍሏ አስወጥቼ መኪና ሥር አቆምኳት እንጂ፣ ይሁን። ለቅሶ ሲሆንስ?»

«ምን ለቅሶ?»

«ሐጃ ናፊያ ሰማንያ አልፏቸዋል። ቀናቸው ሲደርስ ሴቶቹ ውስጥ ገብተው ሲያለቅሱ እኔ ከመኪና ሆኜ በመስኮት ላልቅስላቸው?»

ነደባውን በእጇ ዳሰሰችው።

«እንዴት ያለ ነደባ ነው ያሠራኸው» አለች። «ስምንት ወር ዝም ያልኩት ለመኪናህ ብዬ ነው። ካወራሁ ትሸጣታለህ፣ ከሸጥካት ደግሞ ትከፋብኛለህ ብዬ።»

እኔ ስለ አንድ ባጃጅ ሦስት ቀን አኩርፌአለሁ፤ እሷ ስለ እኔ መኪና ከበሮዋን ሰቅላ ስምንት ወር ምንም አላለችም። «ይቅር በይኝ» አልኳት። አትክልት ሻጮቹ እየሰሙ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ማለዳ የኒቆዲሞስ ቤት ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ሊያሾፍ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው። የበሩን ዘዴ አሳየሁት፤ አምስት ጊዜ ሞክሮ በስድስተኛው ቻለ፣ እኔም ትንሽ ቀናሁ። ቁልፉ እጁ ከገባ በኋላ መከላከያው ላይ የተላጠውን በጥፍሩ ሲፍቅ ሰማያዊው፣ ከሥሩ ሮዙ፣ ከእሱም ሥር አረንጓዴው ወጣ።

«አደራህን፣ ቀለሟን እንዳታስፍቅ» አልኩት።

«አቦ ምን ነካህ» አለ። «ለረመዳን መርየም ስትቀባ የተረፈውን ላክልኝ። እቀባታለሁ።»

ሐሙስ የአፎቻ ቀን ነው። ቪትዟን ፈላና በር ነደባው ጎን አቁሜ ጠበቅኩ። ከነደባው አጠገብ ስትታይ የክብሪት ቀፎ ነው የምታህለው፤ ሦስተኛው ደረጃ ከወንበሯ በላይ ነው። ነደባው ላይ ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠው ወሬ ይዘዋል፤ ከሰሞኑ ቦታቸው አድርገውታል። መርየም ከረቡዋን በብብቷ ይዛ ቀስ እያለች መጣች። ሽማግሎቹን ሰላም አለቻቸው፣ ነደባውን አልፋ ሄደች። በሩን ከፍታ እንደ ወንበር ቁጭ አለች፣ እግሯን አስገባች።

እኔ ልማድ ሆኖብኝ ዞሬ መጥቼ ነበር። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ እጄን ዘርግቼ። እሷ ግን እጀታውን ያዘችና በሩን ራሷ ዘጋችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኔን መኪና በር ዘግታ አታውቅም። ድምፁ እንኳ የለውም፣ ቀጭ ብሎ ቀረ።

መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ምን ተገትረህ ታየኛለህ፣» አለች፣ «ንዳ እንጂ።»