ጠይቂ እንጂ ተይ አላልኩም

«ዳዳ ማለት እኮ…» ብሎ የሟች የሥራ ባልደረባ ጀመረና ቃሉን መልሶ ዋጠው። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር። ጥግ ይዘው የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች በክርናቸው ተነካኩና ዓይናቸውን ወደ ሟች እህት ወረወሩ።

እህትየው አንገቷን አልደፋችም። ስሙን ያወጣችው እሷ ባትሆንም፣ ዘሩን የዘራችው እሷ መሆኗን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ታላቅ ወንድሟ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በየሕንፃው ጉድጓድ ውስጥ ገመድና ቅባት ሲያይ የኖረ፣ ሲናገር የሚንተባተብ ሰው። እሷ ደግሞ አጻጻፍ የምታስተምርበት ብሎግ ነበራት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳታዛንፍ ጽፋበታለች። አንድ ቀን የሰው ንግግር እንዴት እንደሚጻፍ ልታስረዳ ፈለገችና ምሳሌ ቸገራት። ወንድሟ ልጅ ሳለ ዳቦ ሊገዛ ተልኮ «ዳ… ዳ… ዳ…» እያለ ሲታገል፣ ባለሱቁ ሲስቅበት፣ እሷ ከኋላው ሆና ቃሉን እንደጨረሰችለት ጻፈች። አንባቢ ወደደው። ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከሊፍት ጠጋኞቹ ዘንድ ደረሰ። በማግስቱ የሃምሳ ዓመቱ ጎልማሳ ስሙ ዳዳ ሆነ።

ያን ዕለት ደወለላት። «ብ… ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለና ስልኩን ዘጋው።

ጽሑፉን አጠፋችው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር አንዲት መስመር አልጻፈችም።

«ጨርስ እንጂ» አለችው የሟች ሚስት፣ ከሶፋው ቀና ብላ። «የጀመርከውን ጨርስ። እሱም ወሬ በግማሽ ሲቀር አይወድም ነበር።»

ባልደረባው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሻሸ ቀጠለ። አንድ ጊዜ መብራት ይጠፋና አንዲት ሴት አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መካከል ሊፍት ውስጥ ትቀራለች። «አየር አጠረኝ፣ ሞትኩ!» እያለች በሩን ትደበድባለች። «እኛ ‹ተረጋጊ! ተረጋጊ!› እያልን ስንጮኽባት ጭራሽ ባሰባት። እሱ መጣና ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ፣ አፉን የበሩ ስንጥቅ ላይ ለጥፎ ስለ ልጆቿ ይጠይቃት ጀመር። መቼም ታውቁታላችሁ፣ አንድ ጥያቄ ለመጨረስ ጊዜ ይወስድበታል። ሴትዮዋ ቃሉን እስኪጨርስ ስትጠብቅ ለቅሶዋን ረሳችው። አንድ ሰዓት ከሩብ! ስትወጣ እኛን ዞር ብላም አላየችን፣ እሱ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ ምላሴ ከየት እንዳመጣው እንጃ።»

እህትየው ይህን ሰምታ አታውቅም። ለስንቱ ሰው የንግግርን ነገር ስታስተምር፣ የወንድሟ መንተባተብ ሰው እንደሚያረጋጋ ግን አንድም ቀን አልታያት። ጻፊ ጻፊ እያለ ጣቶቿን በላት። አሥራ አንድ ወር እንዲህ በልቷት አያውቅም።

ወንድሟ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ሳትጠራው ቤቷ መጥቶ ነበር። የመታጠቢያ ቤቷ በር አልዘጋ ማለቱን ከሚስቱ ሰምቶ ነው። ማጠፊያውን ፈታ፣ ቅባት ቀባ፣ መልሶ አሰረ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ብ… ብሎጉን ለምን ተውሽው?» አላት።

«ባንተ ምክንያት ነዋ፣ ጋሼ።»

«እኔ ጠ… ጠይቂ አልኩ እንጂ ተይ አልኩ? ስንፍናሽን በኔ አታላክኪ!»

ሁለቱም ሳቁ። እመለሳለሁ አለችው። ዛሬ ነገ ስትል፣ አንድ ማለዳ የጫማውን ክር እያሰረ ልቡ ቀጥ አለች።

ባልደረባው ሊሄድ ሲነሳ በር ድረስ ተከተለችው። «የነገርከንን ብጽፈው ትፈቅዳለህ?»

«በኔ በኩል ጻፊው» አላት። «ዋናው ግን የሷ ፈቃድ ነው።» በአገጩ ወደ ሚስትየው አመለከተ።

በለቅሶው አምስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲሳሳ፣ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሚስትየው ኩባያ ታጥባለች፣ አንዲት ጎረቤት ታደርቃለች።

«እትዬ፣ ስለ ጋሼ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። ትፈቅጅልኛለሽ?»

«ገና አፈሩ ሳይደርቅ?» አለች ጎረቤቲቱ።

«የተጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለች ሚስትየው፣ ከኩባያዋ ዓይኗን ሳታነሳ። ኩባያውን ለጎረቤቲቱ አቀብላ፣ «ያንን ስም እንዳትጽፊው።»

«አልጽፈውም።»

«መልአክም አታድርጊው። ሲያኮርፍ ቤቱ እንደሚጠብብን ይግባበት።»

«እሱንማ እኔም ቀምሼዋለሁ» አለች እህትየው። ጎረቤቲቱ ሳትቀር ሳቀች።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። እጇ አላመነታም። «አሥራ አንድ ወር ጠፍቼባችኋለሁ» ብላ ጻፈች። «ወንድሜን ሳላስፈቅድ ስለ እሱ ጽፌ አስቀይሜው ነበር። በሕይወት ሳለ ታረቀኝ፣ አሁን አርፏል። እኔ ተመልሻለሁ። ከእንግዲህ ስለ ሰው የምጽፈው አስፈቅጄ ነው። እናንተንም ልጠይቃችሁ፦ ስለ ምን እንድጽፍላችሁ ትፈልጋላችሁ? የቸገራችሁን ሁሉ ላኩልኝ።»

ለሚስትየው አስነበበቻት፣ ከዚያ ለቀቀችው።

«የመጀመሪያዋ ጠያቂ እኔ ልሁን?» አለች ሚስትየው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ባንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈች፦

«ሃያ ሁለት ዓመት ለሁለት ሰው ሻይ የጣደች ሴት፣ ለአንድ ሰው ስንት ኩባያ ውኃ እንደሚጠድ ጻፊልን።»

እህትየው አነበበችው። «እንደሚጣድ» መሆን ነበረበት። የአንባቢዎቿን ፊደል ስታርም የኖረች እጇ፣ እንደ ልማዷ ወደ ቁልፎቹ ሄደች።

«ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች ሚስትየው።

«ኧረ አንድም ስህተት የለውም» አለችና፣ እንዳለ ላከችው።