ያልተለኩ ሦስት ቀናት

የሜትሩ ጫፍ ውሃውን ነክቶ ጢጥ ሲል ከግቢው በር ላይ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ለኪዋ አልተነሣችም። እንደተንበረከከች ሜትሩን ከጉድጓዱ ቧንቧ አፍ ላይ በአውራ ጣቷ ይዛ ቁጥሩን ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ሠላሳ አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት።

"ድገሚው" አላት አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ዞር አላለችም። ማንም እንደሌለ ታውቃለች። ይህን ሥራ ያስተማሯት ጋሼ ከሞቱ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ቀብራቸው ላይ ቆማ አፈር ሲመለስባቸው አይታለች። ግን በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልክ ቁጥሩን አንብባ ስትጨርስ፣ ያ አስም ያደከመው ድምፅ በትከሻዋ በኩል ይመጣል። እሷም ሜትሩን ስባ ታወጣና እንደገና ታወርደዋለች።

ጉድጓዱ ደግሞ ይተነፍሳል። ጋሼ በሕይወት ሳሉ ነገሩን አስረድተዋታል። "የአየር ግፊት ነው። ውጪው ሲከብድ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሲቀል መልሶ ይተፋል። ምንም ጋኔን የለበትም" ብለው ስቀውባታል። ምክንያቱን ማወቋ ግን አልጠቀማትም። ዛሬም ቧንቧው እፍ ብሎ ቀዝቃዛ አየር ጉንጯ ላይ ሲለቅባት ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

"ሠላሳ አንድ ከስድሳ ሁለት። ደግሜዋለሁ" አለች፣ የሚሰማት ያለ ይመስል።

የጣቢያው ሥራ ይኸው ነው። ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ክዳኑ የሚቆለፍ ጥልቅ ጉድጓድ፣ አንድ ጥቅል ሜትር፣ በመደርደሪያ የተደረደሩ መዝገቦች። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ዛሬ የት እንደደረሰ በየቀኑ ይለካል፤ ይጻፋል። ቁጥሩ ከጨመረ ውሃው ወረደ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። የሚከፍለው የሕዝብ የምርምር ፈንድ ነው፤ በየአምስት ዓመቱ ገምጋሚዎች መጥተው ይቀጥል ወይ ይዘጋ ይላሉ። ሹፌሩ ባሏ "እኔ አገር ዞሬ የማየውን አንቺ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨረስሽው" እያለ ይቀልድባታል። ሰፈርተኛው ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ ለኪዋ ይላታል።

ጋሼ ለዚህ ቀልድ መልስ ነበራቸው። "ነጋዴ ዘርቶ ሃያ ዓመት አይጠብቅም። አይፈረድበትም፣ ልጆች አሉት። የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። ይህን ሜትር በግብሯ የገዛችልን ያቺ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ናት። እንዳትረሺ፣ ቁጥሩ የእኔም ያንቺም አይደለም፣ የእሷ ነው" ይሉ ነበር።

እና አንድ ሕግ ነበራቸው። መዝገብ ላይ አይፋቅም፣ አይደለዝም። የተሳሳተ ሰው በስሕተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምራል፤ የተሳሳተው ቁጥር ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት፤ ከጎኑ የሆነው ነገር በአጭሩ ይጻፋል፣ ከዚያ የተሳሳተው ሰው ስሙን ያኖራል። የሃያ ስድስቱ ዓመት መዝገብ የጋሼ ስም ያረፈባቸው አርባ ያህል መስመሮች አሉበት። የእሷ ስም ያለባቸው ደግሞ ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛውን መስመር ማስመር ነው ያቃታት።

ሜትሩን ጠቅልላ ወደ ቢሮ ስትገባ ገምጋሚዎቹ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ ደግ ነው። አብራው የመጣችው ወጣት የመረጃ ባለሙያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ገመድ ትፈልጋለች። ከጥጉ ወንበር ላይ የጋሼ ባለቤት ተቀምጠዋል። እትዬ ከጣቢያው ጀርባ ባለው የመንግሥት ቤት ይኖራሉ፤ ዛሬ የተጠሩት ደግሞ ለሰሌዳው ነው። ጣቢያው በባላቸው ስም ሊጠራ ነው። ሰሌዳው ተጽፎ አልቆ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከሰሌዳው በላይ የጋሼ ካፖርት እንደ ወትሮው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚያወርደው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን የሚደፍር ጠፍቶ ነው።

"በእውነት ለመናገር" አለ ሰብሳቢው፣ "በዘንድሮው ግምገማ ብዙ ጣቢያ እንዲዘጋ ሐሳብ አቅርበናል። ይኼኛው ግን ይለያል። ሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ ባዶ መስመር የለም። እርሳቸው ካረፉ በኋላ እንኳ አልተቋረጠም። ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት።"

ለኪዋ "ሥራዬ ነው" አለች።

"እንደ እርስዎ ያለ ሰው ለማግኘት ሻማ ይዞ መፈለግ ነው።"

እትዬ ፈገግ ብለው በሁለት እጃቸው የለኪዋን እጅ ያዙ። እጃቸው ሞቃት ነበር። ለኪዋ ግን ያን ቀን፣ በዚያ በሩቁ ከተማ፣ መቃብሩ ዳር እንዲሁ እንደያዟት ትዝ አላትና እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች።

ወጣቷ ኮምፒውተሯን ወደ ሁሉም አዞረች። በስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄድ ሰማያዊ መስመር ታየች፤ በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ትላለች።

"ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው" አለች በጣቷ እየነካች። "ዓምና፣ ላይኛው ሜዳ ላይ የውሃ ፋብሪካ ሊተክሉ የፈለጉ ሰዎች በትልቅ ፓምፕ ሙከራ አድርገው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሌት ተቀን ነው የሳቡት። በሦስተኛው ቀን ማታ አቆሙ። ያ ውሃና እዚህ ታች ያለው ውሃ አንድ ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት የእናንተ ጉድጓድ መውረድ ነበረበት።"

"ወረደ?" አሉ እትዬ።

"አልወረደም። ሠላሳ አንድ ከአርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ሦስት። ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ቀን ብቻ ሠላሳ አንድ ከአርባ ስድስት ይላል፤ እሱ ትንሽ ግራ አጋብቶኛል።"

"በጋ ነው፣ ምን ግራ ያጋባል" አላት ሰብሳቢው። ወደ ለኪዋ ዞረ። "አያችሁ፣ ሕዝብ ለምን ለምርምር እንደሚከፍል የሚጠይቁን ሰዎች አሉ። ይኸው መልሱ። ፋብሪካው ራሱ ይህን መረጃ በአንድ ወር ሊሠራው አይችልም። የእናንተ ሦስት ቀን ሁለቱ ውሃዎች እንደማይገናኙ አረጋገጠልን። ቁፋሮው ሊፈቀድ ነው።"

ወጣቷ ቀኖቹን ከነቁጥራቸው አጉልታ አሳየች። እትዬ አንገታቸውን አስግገው አነበቡና የሹራባቸውን ቁልፍ የሚነካካው ጣታቸው ቆመ። ያንን ቀን እሳቸው ካላወቁት ማን ያውቀዋል? ባሏ የተቀበረበት ቀን ለሚስት አይጠፋም። ቀስ ብለው ቀና አሉና ለኪዋን አዩዋት።

ለኪዋ ዓይኗን ወደ መዝገቦቹ መደርደሪያ አዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ ሆስፒታል ሆነው የመጨረሻ የተናገሩት "እንዳይቋረጥ" የሚል ነው። በማግሥቱ አረፉ። አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማቸው ሲሄድ እትዬን የሚደግፍ ሰው አልነበረምና አብራቸው ሄደች፤ ሜትሩን ማውረድ የሚያውቅ ሌላ ሰው ደግሞ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ተመልሳ፣ ሐዘን ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ ለካች። ከዚያ መዝገቡን ስትከፍተው ሦስት ባዶ መስመሮች አፋቸውን ከፍተው ጠበቋት። የእሳቸው ሰንሰለት በእሷ እጅ፣ በእሳቸው ቀብር ቀን ሊበጠስ ነው። አልቻለችም። ከመሄዷ በፊት የለካችው አርባ ሁለት ነበር፣ አሁን አርባ ስድስት፤ መሐሉን ገምታ ሞላችው። ማንን ይጎዳል አለች። ፍቅር መስሏት ነበር፤ ፍቅርም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቀን በሰላም ለክታ አታውቅም።

"ሻይ ላምጣላችሁ" ብላ ወጣች።

ሻዩን ግን ረሳችው። ጉድጓዱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ሆና ታችኛው ሰፈር ይታያታል፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የጓሮ አትክልቶች፣ ከእነሱ መሐል የታላቅ እህቷ ቤት። እህቷ ጎመንና ቲማቲም አብቅላ የምትሸጠው ከጓሮ ጉድጓድ በምትቀዳው ውሃ ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት አሥራ አንድ ክንድ ነው፤ ላይ ያለው ፓምፕ ከሳበው መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። ሲደርቅ ሰው ምን ነካው ይላል እንጂ ምክንያቱን ፍለጋ ማንም ወደዚህ መዝገብ አይመጣም።

ከኋላዋ እግር ኮሽ አለ። ዘንድሮ እንደለመደችው ዞር አላለችም፤ ግን በዚህ ጊዜ የሕያው ሰው እግር ነበር።

"አጠገቤ ነበርሽ" አሉ እትዬ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው። "ሦስቱንም ቀን። ክንዴን ይዘሽ። እንቅልፍ እንኳ ከእኔ ጋር ነው የተኛሽው።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ማን ለካው?"

ቧንቧው እፍ አለ። እትዬም ሰሙት፤ እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

"አምላኬ፣ ትንፋሹን ይመስላል" አሉ።

"የአየር ግፊት ነው።"

"እሱም እንዲህ ይለኝ ነበር።" እትዬ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመሩ። "ስሚኝ ልጄ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ምንም አላየሁም። ቤቱ የጣቢያው ነው፤ ጣቢያው ከተዘጋ የምገባበት የለኝም። ሰሌዳው ተጽፎ አልቋል። ያ ሰው ዕድሜውን የቀበረበት ነገር በሦስት ቁጥር ውሸታም ይባል? ሆድ ይፍጀው። አንቺም ሥራሽን ታጪያለሽ።"

"ላይኞቹ ሊቆፍሩ ነው፣ እትዬ። የእህቴ ጉድጓድ አለ። የሁሉም አለ።"

"ላይደርቅ ይችላል።"

"ላይደርቅ ይችላል። አላውቅም። ማወቅ ይቻል የነበረው ያን ጊዜ ነበር።"

እትዬ የሹራባቸውን ቁልፍ ፈልገው አጡት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የተቆጡት በማን እንደሆነ ግን ለራሳቸውም የገባቸው አይመስልም።

"እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብዬ አልጠይቅሽም" አሉ በመጨረሻ። "አውቀዋለሁና ነው የማልጠይቅሽ።" ይህን ብለው ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ሄዱ። ወደ ቢሮው አልተመለሱም።

ለኪዋ ብቻዋን ስትቀር ጆሮዋን አቀናች። ድምፁን ጠበቀች። ድፍረት የሚጠይቀውን ነገር ሌላ ሰው እንዲያዛት ፈልጋ ነበር፤ አዛዥ ቢገኝ ኃላፊነቱ ይቀልላል። ምንም አልመጣም። ከሰፈሩ የውሻ ጩኸት፣ ከቢሮ ውስጥ የሰብሳቢው ሳቅ፣ ሌላ ምንም። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ሰው ዛሬ፣ በፈለገችው ሰዓት፣ ዝም አላት።

ተመልሳ ገባች። ሰብሳቢው ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ነው።

"ሻዩስ?" አላት እየሳቀ።

"ይቆየኝ" አለች። ከመደርደሪያው የዓምናውን መዝገብ አወረደች። ያቺ ገጽ ከቀጣዩዋ ጋር በወረቀት መያዣ ተያይዛ ነበር፤ እሷው ናት ያያያዘቻት፣ እንዳታያት። መያዣውን አወለቀች። ወጣቷ አንገቷን አስግጋ አየቻት።

"ፎቶው አለኝ እኮ፣ እናቴ። ዓምና ልከውልኛል" አለች።

"እንደገና ታነሺዋለሽ።"

ከጋሼ ካፖርት ኪስ እስክሪብቶ ሁልጊዜ አይጠፋም። እጇን ሰደደችና አወጣችው፤ ከሞቱ ወዲህ ካፖርቱን ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው። ያ ድምፅ አልጮኸባትም። እስክሪብቶው መጀመሪያ ሲሞከር አልጻፈም፤ መዳፏ ላይ ደጋግማ ሞከረችውና ሰማያዊ ቀለም ሰጠ። ከዚያ በሦስቱ ቁጥሮች ላይ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። ከሥራቸው አሁንም ይነበባሉ፤ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ሦስት። ከጎናቸው "አልተለካም። ቀብር ላይ ነበርኩ። ገምቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈችና ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አኖረች።

ሰብሳቢው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ላይ የነበረው ደግነት ቀስ እያለ ሄደ።

"ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?" አለ። "ለእርስዎም፣ ለጣቢያውም፣ ለእሳቸውም ስም።"

"አውቃለሁ።"

"ሙከራው ብቻ ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ እንደወሰደ…"

ወጣቷ ግን ወደ ሰብሳቢው አላየችም። ያቺን ግራ ያጋባቻትን የአራተኛውን ቀን ቁጥር እያየች ነበር። "እንግዲያው በሦስቱ ቀን ወርዶ፣ ፓምፑ ሲቆም አገግሞ ሊሆን ይችላል" አለች ለራሷ።

ለኪዋ እስክሪብቶውን ወደ ካፖርቱ ኪስ መለሰች። ጥቅል ሜትሩን ከጠረጴዛው አንሥታ ሰብሳቢው ፊት አኖረችው።

"ድገሙት" አለች።