ፍሬኑን ያላወቀው እግር
ሹፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ሠራተኞችን በአውቶቡስ ሲያመላልስ አንድም ሰው ነክቶ አያውቅም። የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው ከሞት ይልቅ ያስጨነቀው መሪውን መልቀቁ ነበር። ሐኪሟ እረፉ ብትለውም፣ በየሁለት ሳምንቱ የኬሞ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ጥቂት ቀን ተኝቶ፣ ሻል ሲለው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከአምስተኛው ዙር በኋላ እግሮቹ ያስቸግሩት ጀመር። መጀመሪያ ጣቶቹን ጠቅ ጠቅ አደረገው፤ ቀጥሎ ውስጥ እግሩን ይለበልበው ገባ፤ በመጨረሻ ደነዘዘ። ባዶ እግሩን ሆኖ ካልሲ ያጠለቀ ይመስለዋል። ለሚስቱ ድካም ነው አላት። ለሐኪሟም ትንፍሽ አላለም፤ መድኃኒቱን ቢቀንሱብኝ በሽታው ያንሰራራል ብሎ ፈርቶ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ከጓሮ እስከ ሳሎን የተንጠባጠበ ደም አየች። ተከትላው ብትሄድ አባቷ ዘንድ አደረሳት። የጠርሙስ ስባሪ ነጠላ ጫማውን በስቶ ተረከዙ ውስጥ ተሰክቷል።

«አባዬ፣ አላመመህም?»

«ምኑ?» አላት።

ልጅቷ ተንበርክካ ስባሪውን ነቀለችለት፤ ቁስሉን አጥባ አሰረችለት። ቀኝ እግሩ ነው፤ ፍሬን የሚረግጥበት። ባለፈው ሳምንት ቁልቁለቱ ላይ አውቶቡሱ ካሰበው አልፎ ሲቆም አንዲት ተሳፋሪ «ዛሬስ ልትደፋን ነው» ብላ ሰውን ሁሉ አስቃ ነበር። እሱም አብሮ ስቋል። አሁን ነገሩ ገባው።

እያነከሰ ስምሪት ክፍል ሄዶ የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የስምሪት ኃላፊው የድሮ ጓደኛው ነውና፣ ሎተሪ ወጣልህ እንዴ ብሎ ቀለደበት።

«እግሬ ፍሬኑን አያውቀውም» አለው። «እስከዛሬ የነዳሁት በልማድ ነው።»

ጓደኛው ቁልፉን አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ሁሉን ሲነግራት ሐኪሟ ነርቩን የጎዳው ከመድኃኒቶቹ አንዱ መሆኑን፣ እሱን አቁመው በቀሩት እንደሚቀጥሉ አስረዳችው። ቀድሞ ቢናገር ጉዳቱ እዚህ ላይደርስ ይችል እንደነበርም አልሸሸገችውም። ሚስቱ ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን ሽፍን ጫማ ገዝታ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁስል እንዳይኖር ጣት በጣት ታያለች።

ሕክምናው አለቀ፤ በሽታውም ለጊዜው ጠፋ። ግራ እግሩ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ፤ የቀኙ ጣቶች ግን እንደ ደነዘዙ ቀሩ። መሪ ዳግም አልጨበጠም፤ ስምሪት ክፍል ተመደበ።

ለክትትል በሄደበት ቀን፣ ተራ መጠበቂያው ላይ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ጣቶቿን ስታሽ አያት።

«ይደነዝዝሻል፣ እህቴ?»

«ትንሽ» አለችው።

«ለሐኪሟ ነግረሻታል?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። እሱ ምርመራውን ጨርሶ ነበር፤ ቢሆንም አጠገቧ ተቀምጦ የራሱን ታሪክ ከሀ ጀምሮ አጫወታት፤ ስሟ ተጠርቶ እስክትገባም ከቦታው አልተነሣም።