የቀያሿ ገመድ

መነጽር ሠሪው ቀን ቀን የሰው ዓይን ሲለካና መስታወት ሲሞርድ የሚውል ጭምት ሰው ነው። ከሥራ መልስ ግን ንጉሥ ነው። ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ በአንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ፣ የጭልፊት አገር አርባ ተጫዋቾች «ንጉሥ ሆይ!» እያሉ ይቀበሉታል። ከወንዙ ማዶ የዓሣን አገር የምትገዛውስ ማን ትመስላችኋለች? ታናሽ እህቱ! አግብታ ሌላ ከተማ የገባች ፋርማሲስት ናት። ጎን ለጎን አገር የመሠረቱት እንዳይጠፋፉ ብለው ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ በዚያው ተጣሉ።

የጠቡ መነሻ ወንዙ ነው። ሲጀምሩ «ድንበራችን ወንዙ ነው» ብለው ተፈራርመዋል። እህትየው በእሷ ዳር ወፍጮ ሠራች፤ ስምንት ወር ፈጅቶባታል። ከሦስት ወር በፊት ታዲያ የጨዋታው ሠሪዎች በሸለቆው ጎርፍ ለቀቁና ወንዙ አሮጌ አልጋውን፣ የድሮ መውረጃውን፣ ትቶ በወፍጮው ጀርባ ዞረ። ወፍጮው በአንድ ጀምበር ጭልፊት በኩል ሆኖ ተገኘ። ወንድምየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባንዲራውን ሰቀለበት!

«ውሉ ወንዙ ይላል» አለ።

«የፈረምኩት በዚያኛው ወንዝ እንጂ በዚህኛው አይደለም» አለች።

እልህ ተጋቡ። ሁለቱም የጠላት ሰው ሲጠጋ በራሱ የሚተኩስ ማማ በየዳራቸው ደረደሩ። ስልክ መደዋወልም ቀረ። ሦስት ወር ሙሉ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙና ጦርነቱ ለቅዳሜ ከሰዓት፣ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። በዚህ ጨዋታ የተሸነፈ አገር ከካርታው ይጠፋል፤ መልሶ ማቋቋም የለም። የሚጠፋው ደግሞ ወደ እህቱ የቀረው የመጨረሻ በር ነው። መነጽር ሠሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ንጉሥ ነኝ ብሏላ!

እናታቸው የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀያሽ ነበረች። ጎረቤት ከጎረቤት ዱላ ይዞ በተፋጠጠበት መሀል ገብታ፣ ለክታ፣ ችካሏን ተክላ የምትወጣ ሴት! አንድ የማትለቀው ደንብ ነበራት፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ገመዱን ካልያዘላት ወይ ፍንክች፣ አትለካም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ «እህትህን ልትወጋ ነው አሉ» አለችው።

«ጨዋታ እኮ ነው እማዬ።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን አትደውልላትም?»

ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ።

«ለእኔም እዚያ ውስጥ የምትሄድ ሰው አብጅልኝ» አለች። አበጀላት። አገርም መሣሪያም የሌላት አሮጊት፤ የያዘችው የቤት መሠረት መለኪያ ገመድና ጥቂት ችካል ብቻ። መሄጃውን፣ መጻፊያውን፣ መዋኛውን ቁልፍ አሳያት። የመዋኛውን ሁለቴ አስደገመችው። ከዚያ እሱ ራሱ የሞረደላትን መነጽር አድርጋ ላፕቶፑን ይዛ አጠገቡ ተሰየመች።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ሁለቱ ሠራዊት ግራና ቀኝ ተሰልፎ ሳለ፣ አሮጊቷ ሸለቆው ውስጥ ብቅ አለች። አገር ስለሌላት ማማዎቹ ዝም አሏት። አንዴ ከዛፍ እየተላተመች፣ አንዴ ወደ ኋላ እየሄደች ወረደች። «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብሎ ያልጻፈ የለም። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ድንጋዩን እየው፤ ክብ ክብ ነው፣ ውሃ የሞረደው» አለችው። «ሠሪዎቹ ሙያ ያውቃሉ። አሮጌውን አልጋ ሣር አለበሱት እንጂ አላጠፉትም። ወንዙ ቢሄድ ድንበሩ ምን ቤት ነው አብሮ የሚሄደው?»

ከዚያ በአንድ ጣቷ ለሁሉም ጻፈች። «ገመድ ያዥ እፈልጋለሁ። ከዚያ አንድ፣ ከዚህ አንድ። ነገሥታቱ ራሳቸው ይምጡ።»

ማማዎቹ ካልጠፉ መሀል የገባ ንጉሥ ይመታል። ቀድሞ ያጠፋ ደግሞ አገሩን ራቁቷን አስቀረ ማለት ነው። «ወጥመድ ነው፣ እንዳታጠፋ!» ይላሉ ሰዎቹ። ወደ እናቱ ዞረ። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዶ፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆሞ፣ ሜዳ ላይ እንዳለች ትጠብቃለች። ዱላ የያዘ ሰው ሁሉ ሲያምናት የኖረችውን ሴት እኔ ልጇ ላላምናት ነው? አለ በሆዱ። አጠፋ።

ከዚያ በማዶ ያሉት ማማዎች አንድ በአንድ ጠፉ፤ የእናቷን ደንብ ያወቀችው እህቱም ወጣች።

«ንጉሡ፣ አላልተህ ይዘሃል፤ ወጥር!» ትላለች እናቱ ጎኑ ተቀምጣ። ለእህቱም በጽሑፍ «ንግሥቲቱ፣ አትሩጪ!» ከድንጋይ ድንጋይ እየለኩ፣ እየቸከሉ ወፍጮው ዘንድ ደረሱ። ወፍጮው ከአሮጌው አልጋ አሥራ ሁለት እርምጃ አልፎ በዓሣ በኩል ሆኖ ተገኘ።

«ወፍጮው የዓሣ ነው» ብላ ጻፈች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሸጠችን!» ብሎ ሠራዊቱ ተንጫጫ። እሱ ግን በኩራት ፊቱ በራ። በእሱ ቤት፣ በእሱ ኮምፒውተር፣ ጎኑ ተቀምጣ አንዲት እርምጃ እንኳ አላደላችለትም። እሰይ እናቴ!

«ለካች። አበቃ» ብሎ ጻፈና ባንዲራውን በገዛ እጁ አወረደ። እህቱ ቆማ ታየዋለች።

እናቱ «እስቲ ወፍጮውን ልዙረው» አለች። በጀርባው ስትዞር አዲሱ ወንዝ ውስጥ ጧ!

«ኧረ ሰጠምኩ! ልጆች!» ብላ ለሁለቱም ጻፈች።

ሁለቱ ነገሥታት ከነዘውዳቸው ተከታትለው ዘለሉ። ከመነጽር ሠሪው ኮምፒውተር ሦስት ወር ያልሰማው ድምፅ ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ በብብቷ ያዝ፣ እኔ በእግሯ! ቶሎ በል እንጂ!»

«ያዝኩ፣ ያዝኩ! አይዞሽ እማዬ፣ መዋኛውን ተጫኚ...» ብሎ ዞር ሲል እናቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እያየችው ተቀምጣለች።