ጡት ያው ጡት ነው

እንደ እኔ ያለ ሐኪም በዚህ ሰፈር አልተፈጠረም። ነጭ ካፖርት የለኝም፣ ከአምስተኛ ክፍልም አላለፍኩም፤ ግን ላሞቹ ምስክሬ ናቸው። የወተት ላም እርባታው ውስጥ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ጡቷ ያበጠ፣ ወተቷ የጓጎለ፣ ስትታለብ የምትራገጥ ላም ሁሉ በእኔ እጅ ድናለች። እርግጥ መድኃኒቱን የሚያዘው የከብት ሐኪሙ ነው። ላሟን የሚይዘውም ሌላ ሰው ነው። የመድኃኒቱን ቱቦ የማቀብለው ግን እኔ ነኝ። እኔ ባላቀብል ምን ሊያደርጉ ነበር?

ቤት ውስጥ "ምላስ" ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ናት፤ "ይቺ ልጅ ስትወለድ መጀመሪያ የወጣው ምላሷ ነው" ትላለች። እኔንና ታላቅ እህቴን ያሳደገችን እሷ ናት። አሁን እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አብራን ትኖራለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገዱን ነው ያገባው። ስለዚህ ቤታችን ሦስት ሴትና አንድ ጨቅላ ነን። አባወራው ጨቅላው ነው፤ እሱ ሲጮህ ማንም ቁጭ አይልም።

አንድ ጠዋት እህቴ ልጁን እያጠባች ጥርሷን ስትነክስ አየኋት።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ፊትሽ ለምን የተጨመቀ ሎሚ መሰለ?"

ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ግራ ጡቷ ቀልቷል፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ጫፉ ተሰነጣጥቋል። ስነካው ይፋጃል። እሷ ራሷ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

"ኧረ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!" አልኩ፤ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። "የጡት በሽታ ነው! ባለፈው ጥቁሯ ላም ይዟት..."

"ከላም ጋር ነው የምታወዳድሪኝ?"

"ጥቁሯን ብታያት እንዲህ አትይም። ቆንጆ ናት።"

እህቴ ጤና ጣቢያ መሄድ ፈልጋ ነበር። አክስቴ ግን ወረፋ ጠላቷ ነው። "ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተኮልኩሎ መዋል! ምን በወጣን? ቤታችን ባለሙያ እያለች?" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ያ በረት ያለው መድኃኒት የምን ነው ያልሽኝ?"

"የጡት።"

"በቃ! ጡት ያው ጡት ነው።"

ነገሩ ልክ መሰለኝ። የላሟ ግት ነው የሚባለው፤ በረት ውስጥ ግን ግት የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። "ጡቷን እጠቢ፣ ጡቷን ጥረጊ፣ የጡት በሽታ ይዟታል" ነው የምንባባለው። ቃሉ አንድ ከሆነ መድኃኒቱ በምን ምክንያት ሁለት ይሆናል?

የሥራ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ሳልመልሰው የቀረ አንድ ቱቦ ነበረኝ። ጫፉ ቀጭን ነው፤ በላሟ ጡት ቀዳዳ ይገባና ይጨመቃል። እህቴ ጫፉን ስታይ፣ "እሱን ወደ እኔ ብታስጠጊ ዛሬ ጥርስሽን ትለቅሚያለሽ" አለችኝ። ጥርሴን ስለምወደው በጣቴ ጨምቄ በስንጥቁ ላይ ቀባሁላት፤ ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ፣ ወፈር አድርጌ።

"ይቆጠቁጣል" አለች።

"ሲሠራ ነው" አልኳት። ሐኪም ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ጨቅላው ተኝቷል። እኔም ቱቦውን መልሼ ኪሴ ከትቼ እያፏጨሁ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በረት ስደርስ ጥቁሯ ላም የኋላ እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባታል። መድኃኒት ላይ ናት ማለት ነው። ቀይ ጨርቅ ያላት ላም መጨረሻ ላይ ለብቻዋ ትታለባለች፤ ወተቷ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ይደፋል። አልቤያት ባልዲውን ይዤ ወደ ቦዩ ሄድኩ። ነጭ፣ አረፋ የሞላው፣ ትኩስ ወተት! በቅርቡ የተቀጠረች አላቢ አጠገቤ ቆማ ከንፈሯን መጠጠች።

"ኧረ ግፍ ነው! ለጥጃዋ እንኳ ቢሰጥ ምን አለበት?"

"አብደሻል እንዴ? መድኃኒት አለበት እኮ! ለጥጃ እንደዚህ ያለ ወተት..."

እኔም ቤት አንድ ጥጃ ትቼ ነው የመጣሁት። ያውም መድኃኒቱ ያለው ወተቱ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አፉን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ነው፣ ያውም ወፈር ብሎ!

ባልዲውን ለቅቄው ሮጥኩ። ኃላፊያችን፣ ድምፁ ጣራ ስለሚያነቃንቅ "ማይክ" የምንለው፣ "የት ነው?" ብሎ ጮኸብኝ።

"ጥጃ ሊጠባ ነው!" አልኩት ሳልቆም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ጋጡን ሁሉ ዞሮ ያመለጠ ጥጃ ሲፈልግ ነበር።

በላስቲክ ቦት የሮጠ ሰው ያውቀዋል፤ እግርሽ አንድ ሲሄድ ቦቱ ግማሽ ነው የሚሄደው። እየተንገዳገድኩ በሩን በርግጄ ስገባ ጨቅላው ነቅቶ ቤቱን በጩኸት አናግቶታል። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አቅፋዋለች። ግራ ጡቷ ከአፉ የቀረው አንድ ጣት ነው።

"እንዳታጠቢው!"

ልጁን ከእጇ መነጨቅኩት። እሱ ጮኸ፣ አክስቴ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ።

"ምን ነክቶሽ ነው?" አለች እህቴ።

"ወተቷ ይደፋል! መድኃኒት ላይ ናት!"

"ማን?"

"አንቺ!"

ያኔ ፊቷን አየሁት። ከንፈሯ አብጦ ተገልብጧል። ዓይኖቿ ሊጨፈኑ ነው። አንገቷና ክንዷ ሽፍ ብሎ በሁለት እጇ ታካለች።

"ምንም አይደል" አለች አክስቴ። "መድኃኒቱ ክፉውን እየገፋ እያወጣው ነው። እንዲያውም የተረፈ ካለ ጨምሪላት።"

"አክስቴ፣ ሐኪሙ ላም እንዲህ ስትሆን ካየ ጨምሩ አይልም።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። ይሮጣል።"

እህቴ ጉሮሮዋን ያዘች። "ጠበበኝ... አየር..." አለች በቀጭን ድምፅ። እህቴ ድምፀ ወፍራም ናት፤ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። ቀለድኩ አልቀለድኩ፣ እህቴ እጄ ላይ ልትሞት ነበር።

ጡቷን በውሃና በሳሙና አጠብኩላት፣ ነጠላ ጣል አደረግኩባት፣ ደግፌ አወጣኋት። አክስቴ ልጁን አቅፋ ተከተለችን። ያስቆምኩት ታክሲ ሹፌር ቦቴን አየና አፍንጫውን ያዘ። "ንዳው! ሽታ አይገድልህም!" አልኩት። ነዳው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረፋው እባብ ሆኖ ተጠምዝዟል። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በይ የተባልኩበትን ድምፅ በሙሉ አወጣሁት። "መንገድ ልቀቁ! እህቴ ትንፋሽ አጠራት!" ወረፋው እንደ መጋረጃ ተከፈለ። መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሲስተር ብቅ አለችና አንዴ አይታት አስገባቻት።

"ምን ወስዳ ነው?" አለች መርፌውን እያዘጋጀች።

አክስቴ ቀደመችኝ። "ቅባት ናት። የቤት ቅባት። ልስልስ ያለች።" ከኋላ ደግሞ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ዝም በይ ነው። እህቴም ባበጠው ዓይኗ አየችኝ፤ በላም መድኃኒት ታከመች መባልን ፈርታለች። የሰፈር ሰው ዕድሜዋን ሙሉ "እምቧ" ሊላት ነው።

ይበሏት። ቱቦውን ከሽርጤ ኪስ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረግኩት።

"የላም ነው። እኔ ነኝ የቀባኋት። ዛሬ ጠዋት፣ ስንጥቁ ላይ።"

ሲስተሯ መርፌውን እህቴ ጭን ላይ ወግታ ሳትጨርስ የቱቦውን ጽሑፍ አነበበች። "ፔኒሲሊን አለው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን አስቸግሯት ያውቃል?"

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይ ጉዴ! ልጅ ሆና አንድ መርፌ ተወግታ እንዲሁ አብጣብኝ ነበር። ሁለተኛ እንዳይነካት ብለውኝ ነበር እኮ!"

"እኛ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የምንጠይቀው ለዚህ ነው፣ እናቴ። ላም አትጠየቅም።"

ቁጭ ብዬ የእህቴን ደረት ብቻ አየሁ። ከፍ፣ ዝቅ። መጀመሪያ እየተንጠራራ፣ ከዚያ ረጋ እያለ። ከንፈሯ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። በስተመጨረሻ አፏን ከፍታ፣ በዚያ በወፍራም ድምፅዋ፣ "ይቺ ልጅ ትሸታለች" አለች። ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትናገሩ።

እህቴ እዚያው በሐኪሞቹ ዓይን ሥር ሆና ስትቆይ ሲስተሯ እኔን ጥግ ይዛ አጠበችኝ፤ ያለ ሳሙና። ያ ቱቦ የተሰፈረው የብዙ ሰው ክብደት ላለው እንስሳ ነው። በጣት ሲቀባ ሰው ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ማንም አያውቅም። አለርጂው ባይነሳባት ኖሮም ሌላ መዘዝ ነበረው፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ መግል ይቋጥራል፣ ጨቅላውም ለእሱ ያልታዘዘ መድኃኒት ይውጣል። ለእህቴ ፔኒሲሊን የሌለበት፣ ለምታጠባ እናት የሚሆን መድኃኒት ሰጠቻት።

"አሁን በዚህ ጡት ያለው ይታለብና ይደፋ። ከዚያ ደህና አድርጎ ይጥባ፤ ወተት ሲጠራቀም ነው የሚብስባት።"

"ይታለብ አልሽ?" አልኩ ብድግ ብዬ። "እሱን ለእኔ ተዪው!"

"መጀመሪያ እጅሽን" አለች ሲስተሯ። እስከ ክርኔ ታጠብኩ። እህቴ ስትሳደብ፣ እኔ እንዴት ከላይ ወደ ታች በለስላሳው እንደሚታለብ ሳሳያት፣ ሲስተሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስትስቅ ነው።

ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ድንጋዩ ሟሟ። ጨቅላው አሁን ግራውንም ቀኙንም ይምጋል፤ ጉንጩ ከፊቱ ሊወድቅ ደርሷል። አክስቴ ራሷ የሚያማትን ጉልበቷን ልትታይ ወረፋ ይዛ ዋለች፤ "ደስ የሚል አግዳሚ ነው፣ ወሬውም ሞቅ ያለ ነው" ብላ ተመለሰች። እህቴን ለመጨረሻ ጊዜ ልናሳይ ስንሄድማ ሲስተሯ በሰው ፊት፣ "ቱቦውን ደፍረሽ ማሳየትሽ ጠቅሞናል" አለችኝ። በሰው ፊት!

ከዚያ ቀን ወዲያ መሬት አልነካም። ለአላቢዎቹ ነገርኩ፣ ለማይክ ነገርኩ፣ ለጥቁሯም ሳይቀር ነገርኳት። ማታ ቤት ገብቼ ወገቤን ይዤ እህቴ ፊት ቆምኩ።

"እንግዲህ ሰምተሻል። አዳንኩሽ። አንቺንም ልጅሽንም!"

ከሚጠባው ልጇ ላይ ዓይኗን እንኳ አላነሳችም።

"ከማን ነው ያዳንሽን? ከራስሽ አይደል እንዴ? በይ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ልጁን አስደነገጥሽው።"