የአብዱልቃኒ ዶማ

የደብረ ኤልያሱ ባለ ሱቅ አብዱልቃኒ ከወንበሩ ሲነሳ ጠረጴዛ መደገፍ ሲጀምር፣ ሚስቱ ነፊሳ እየጎተተች ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

«ስኳር ነው» አለው ሐኪሙ። «ጡንቻዎ ሥራ ስለፈታ ስኳሩ ደምዎ ውስጥ ቀርቷል። ጉልበትዎን ካላሠሩት እግርዎን ሊያጡ ይችላሉ።»

ዕድሜ ልኩን ስኳር ሲመዝን የኖረ ሰው ሳቅም እንባም መጣበት።

ነጋዴ ታመመ ከተባለ ገበያተኛው በማግሥቱ ሌላ ሱቅ ይለምዳል ብሎ ፈራና ለማንም አልተነፈሰም። ብቻ ጠዋት ጠዋት ወደ ደንበኛው ገበሬ ወደ ፈንታ ማሳ እየወረደ፣ በሬ የማይዞርበትን ጥግ በዶማ ይቆፍር ጀመር። ፈንታ ምክንያቱን ቢጠይቀው «እንዲያው ነው» ብሎ አድበሰበሰው።

መጀመሪያ ሰሞን አሳሩን በላ። ሁለት ሦስቴ ሰንዝሮ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ስልሳን ያለፈው ከሲታው ፈንታ ግን በሁዳዴ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሞፈርና ቀንበሩን በአንድ ትከሻ አንግቦ ዳገቱን እያወራ ይወጣዋል። አብዱልቃኒ ዶማውን ተደግፎ፣ እንደ ጠፍር የከረረውን ክንድ አፉን ከፍቶ ያያል። «ሱብሐነላህ! ስንት ዘመን እህሉን ስገዛው ይሄን ክንድ አላየሁትም!»

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የየቤቱ ጎተራ በሚጎድልበት ወር፣ በገበያ ቀን ፈንታ ጆንያ ጤፍ ተሸክሞ ሱቁ በር ላይ ዱብ አደረገው። ሚስቱ የብርጓል፣ ባቄላ አዝላ፣ ጎረቤቶቹም የየአቅማቸውን ይዘው ተከትለውታል።

«ምንድን ነው አያ ፈንታ?»

«ዝም በል! ባለ ሱቅ ዶማ ሲጨብጥ መክሰሩ ይጠፋናል? አፍረህ እንደማትለምን እናውቃለን። ልጆችህ ይብሉ።»

ከጎደለ ጎተራ ቆርሰው ላመጡለት ሰዎች እንዴት ይዋሽ! ገበያው ሁሉ እየሰማው «አልከሰርኩም» አለ አብዱልቃኒ። «ስኳር ይዞኝ ነው። ሥራ፣ ያለበለዚያ እግርህን ታጣለህ ብለውኝ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ይደበቃል? ሞኝ!» አለች የብርጓል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

አብዱልቃኒ እህሉን እንዲመልሱ ቢለምናቸውም፣ ፈንታ የሰጠሁትን መልሼ አልሸከምም ብሎ ድርቅ አለ። አብዱልቃኒ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ትከሻው ላይ አወጣው። ነፊሳ «ኧረ ይጥልሃል!» ብላ ጮኸች። እሱም ይጥለኛል ብሎ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ያዘ። የራሱ ሰውነት አስደነቀው።

ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ ፈንታ ከኋላው ደረሰበት።

«ልቀበልህ እንጂ!»

«ተወኝ አያ ፈንታ። ጎተራህ ድረስ አደርሰዋለሁ።»