ሦስተኛ ማርሽ እምቢ ያለበት ጠዋት

«በቃ፣ በእኛ እጅ አይወጣም» አለች ዳርላ፣ ጥጃውን የምትስብበትን ሰንሰለት ጭዱ ላይ ወርውራ።

ሁለት የጥጃ እግር ብቅ ብሎ ቀርቷል። ለጊደሯ የመጀመሪያ ምጧ ነው፤ ጥጃው ገዝፎባታል። ዳርላ ከንጋት ጀምሮ ስትስብ ክንዷ ዝሏል። የባሏ አባት ሚሮን በምርኩዛቸው ተደግፈው ከበረቱ በር ላይ ያያሉ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ መሳብ አይችሉም። ምክራቸው ግን አልተሰበረም።

ለእንስሳት ሐኪሟ ደወለች። ሐኪሟ የሌላ ሰው ላም ሆድ ቀድዳ እየሰፋች ነበር። እኔ መምጣት አልችልም፣ ይዘሻት ነይ፣ ሆዷን ከፍቼ አወጣዋለሁ፣ ግን ቶሎ አለቻት። ዳርላን ቶሎ በይ ማለት ዓሣን ዋኝ እንደማለት ነው።

ነገሩ የአንድ ጥጃ ነገር ብቻ አልነበረም። የገና ዕለት፣ ምግብ ቀርቦ፣ ሚሮን ሹካቸውን አስቀምጠው ቁርጡን ነግረዋታል። ልጃቸው፣ የእሷ ባል ኬልቪን ከሞተ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። እሳቸው አርጅተዋል፣ እሷ ብቻዋን ናት፣ ጎረቤታቸው ዌንደል ደግሞ ከብቱን በሙሉ ልግዛ ካለ ቆይቷል። የዘንድሮውን ምጥ ሁሉ ራስሽ ከተወጣሽው ከብቱ ይቆያል፣ ሁለተኛ አላነሳውም። ዌንደልን ድረስልን ያልን ቀን ግን ተሳቢውን በሙሉ ይዞ ይምጣና አንዴ ይጫናቸው። እንዲህ ነው ያሉት። የሚሮን ቃል በውርጭ እንደ ደረቀ የየካቲት መሬት ነው፤ አካፋ አይገባውም። ይቺ ጊደር ደግሞ የዓመቱ የመጀመሪያዋ ወላድ ናት።

ፒካፑ ከቤቱ ጥግ ቆሟል። ከአፍንጫው ሥር የወጣው የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። እዚህ ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ መኪና ክረምቱን እንደ ማንቆርቆሪያ ሶኬት ላይ ነው የሚያድረው፤ አለበለዚያ ጠዋት አይነሳም። ዳርላ ገመዱን ነቀለች፣ ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ወንበሩ ሳንቃ ሆኗል። ትንፋሿ መስታወቱ ላይ በረዶ ሠራ። ተሳቢውን አያይዛ፣ ጊደሯን ገፍታ አስገብታ፣ ሽማግሌውን ደግፋ ጋቢና አወጣቻቸው። ቤት ይቆዩ ብትላቸው አልሰሟትም።

«ትንሽ አይሙቅም?» አሉ፣ ከቀበቶው ጋር እየታገሉ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ ነው ያደረው፣ አባባ። ካላመኑኝ የመብራት ቆጣሪውን ይጠይቁት።»

ወጡ። ጎማው በተኛበት በኩል ተጠፍጥፎ ስለደረቀ ድው፣ ድው፣ ድው ይላል። አንደኛው ማርሽ ሄደ። ሁለተኛው የገባው አንድ ሰው ከታች በመዶሻ የመታ ያህል ጓ ብሎ ነው። ሦስተኛው እምቢ አለ።

ዳርላ ነዳጁን ለቀቅ አደረገች። ምንም። መልሳ ረገጠችው። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን እንደ ትራክተር ያዘግማል። የከተማው የእህል ጎተራ ወዲያ ማዶ ይታያል። እዚያ አገር ሁሉም ነገር ይታያል፤ አይደረስበትም እንጂ። ከፊት የመጣ ፒካፕ ሲያልፍ ሹፌሩ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ለሰላምታ አነሳላት። እሷም አንድ ጣት አነሳች። አንድ ብቻ ይበቃዋል፤ ለሁለተኛው ጣት ጊዜ የላትም።

«ካምቢዮው ሞቷል» አሉ ሚሮን።

«አልሞተም።»

በእኛ ጊዜ እያሉ ጀመሩ። ፍሪሲዮን ስትረግጪ ማርሹ ምን እንደጎደለው እግርሽ ያውቀው ነበር፣ ይቺ አውቶማቲክ ግን እንደተቆጣ ባል ናት፣ ትጮኻለች እንጂ ምን እንደሆነች አትናገርም አሉ። ዳርላ በመስታወት ተሳቢውን አየች፣ ሰዓቱን አየች፣ ተሳቢውን አየች። ትንሿ ዳገት ላይ ሲደርሱ ሁለተኛውም መያዝ ተወ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ኃይል አይደርሰውም። ከመሪው ጀርባ ቢጫ መብራት በራ። ዳርላ ይባስ ብላ ረገጠችው። መኪናው ተንቀጠቀጠ።

«አቃጥይው» አሉ ሚሮን። «ከዚያ ጊደሯን በእግራችን እንነዳታለን። እኔ ከፊት እመራለሁ።»

ኬልቪን ትዝ ያላት ይሄኔ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጠዋት ጠዋት መኪናውን አስነስቶ፣ ከማርሽ አውጥቶ ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ጎማው ሥር አንድ ነገር ሸጉጦ፣ ሻዩን ይዞ ግቢው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። እሷ ጋቢና ሆና ጥሩምባ ትነፋበት ነበር። ገመዱ የሚያሞቀው ሞተሩን ነው ይላት ነበር። የካምቢዮው ዘይት እንደ ረጋ ማር ሆኖ ያድራል፤ ዘይቱ ካልሞቀ መኪናው ራሱ ላይኛውን ማርሽ አይሰጥሽም፣ ብትረግጪውም ከመቃጠል በቀር አታተርፊም። ማቆሚያው ፒ ላይ ብታቆሚው በዚህ መኪና ዘይቱ አይዞርም፣ የሚዞረው ፎሌ ላይ ነው። እሷ እየሰማችው ነበር፣ ጥሩምባውን እየነፋች።

ዳገቱን በስንት ልመና ወጡት። ከላይ ጥግ ይዛ ቆመችና ፎሌ ላይ አደረገችው። መኪናው ወደፊት መንሸራተት ጀመረ፤ መንገዱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። የእጅ ፍሬኑን አልነካችውም። በዚያ ብርድ የእጅ ፍሬን የሳበ ሰው ሽቦው ይደርቅበትና እዚያው ተቀምጦ ፀደይን ይጠብቃል። ድንጋይ ቢፈለግም ከበረዶ በቀር የሚታይ የለም።

«ፍሬኑን ይርገጡልኝ» አለች። ሚሮን ደህነኛውን እግራቸውን አሻግረው ረገጡላት። ወርዳ ከኋላው ጭነት ላይ ለከብት የገዛቻቸውን ሁለት ቀያይ የጨው ጡቦች አወረደችና ከፊት ጎማዎቹ ፊት አንድ አንድ ሸጎጠች።

ወደ ተሳቢው ሄደች። ጊደሯ ተኝታ ታቃስታለች። ዳርላ ጓንቷን አውልቃ የጥጃውን እግር በሰኮናዎቹ መሃል ቆነጠጠችው። እግሩ ወደ ውስጥ ተሳበ። በሕይወት አለ። እጇ እስኪደነዝዝ ድረስ ያዘችው፣ ከዚያ ሮጣ ተመለሰች።

መጠበቅ ሆነ። ዳርላ መጠበቅ አልተፈጠረባትም። ጉልበቷ ይዘላል፣ ጣቷ መሪውን ይመታል። ወጣች፣ ጎማውን በጫማዋ መታ አድርጋ ገባች። እንደገና ወጣች፣ እግሩን ቆነጠጠች፤ አሁንም ተሳበ፣ ግን ቀስ ብሎ።

«ያ ወንበር ምን አደረገሽ?» አሉ ሚሮን። «ልትቀጂው ነው።»

«አባባ፣ አሁን አይቀልዱ።»

«አልቀለድኩም። የልጄ መኪና ነው።»

ያንን ያህል ጠበቀች፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ትፈነዳ ነበር። ለመንዳት ዲ ላይ አስገባችው። ጓ አላለም፣ ለስለስ ብሎ ገባ። ነዳጁን ረገጠች። መኪናው አልነቃነቅ አለ። ጨመረችበት። ሞተሩ አጓራ፣ አፍንጫው ቀና አለ፣ እዚያው ቀረ። ለቀቀችው፣ እንደገና ረገጠችው። እዚያው።

ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ሳር ያጨደችላቸው፣ በጆሯቸው ቁጥር ሳይሆን በመልካቸው የምታውቃቸው ከብቶች በዌንደል ተሳቢ ተጭነው ሲሄዱ ታያት። ለክብሯ ስትል ግን ጊደሯን እዚህ አትገድልም።

«ይደውሉለት» አለች።

«ለማን?»

«ለማን እንደሆነ ያውቁታል። ቶሎ ይምጣ ይበሉት፣ የጥጃው እግር ገና ይንቀሳቀሳል።»

ሚሮን ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን ፈለጉ፣ ቁጥሩን ነኩ። የዌንደል ድምፅ ጋቢናውን ሞላው፤ ሰውየው በስልክ ሲያወራ ሜዳ ለሜዳ የሚጠራ ነው የሚመስለው። ሚሮን ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ በመስታወቱ አሻግረው ቁልቁለቱን አዩ፣ ዳርላን አዩ።

«ዳርላ» አሉ፣ «ጨው።»

አልገባትም። ከዚያ ገባት። ሚሮን እግራቸውን ወደ ፍሬኑ ሲያሻግሩ፣ በሩን እንኳን ሳትዘጋ ዘለለች።

ከውጭ ሆና ሚሮን ለዌንደል ሲናገሩ ትሰማለች። ምንም አይደለም፣ ብርዱ እናንተ ጋ እንዴት አድርጎታል ልልህ ነው፣ እኛ ጋ ደህና ነው፣ አዎ፣ ደህና ነው። አንደኛውን ጡብ በእርግጫ አወጣችው። ሁለተኛው በረዶው ላይ ተጣብቆ ስለነበር በጎማ መፍቻ መትታ አነሳችው። ሁለቱንም ወደ መንገዱ ዳር ገፍታ ገባች።

መኪናው ቁልቁለቱን ጀመረ። ሁለተኛው ማርሽ ገባ፣ ሳይመታ። ዳርላ እግሯን እንደ እንቁላል ነዳጁ ላይ አሳረፈችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀስ ብላ ነድታ አታውቅም። ትንሽ ሄዱ። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ወረደ።

«ሦስተኛው ገባ» አሉ ሚሮን።

«ሰምቻለሁ።»

ሐኪሟ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቀደደች፣ ሳበች፣ ጥጃውን በኋላ እግሮቹ አንጠልጥላ አራገፈችው። አፍንጫው ውስጥ ጭድ ስትከትበት አነጠሰ። ጊደሯ ተሰፍታ ብድግ አለችና ዳርላን ልትወጋት ሞከረች። ደህና ናት ማለት ነው።

ሲመለሱ ጥጃው ጋቢና ውስጥ ነበር። በሚሮን እግሮች መሃል፣ ማሞቂያው በሚነፋበት ወለል ላይ ተኝቶ፣ እንደ እርጥብ ምንጣፍ ይሸታል። የሽማግሌውን የጫማ ማሰሪያ ይጠባል። መኪናው ማርሽ ሲቀይር አይታወቅም።

«ጨዉን መቼ ነው ያስተዋሉት?» አለች ዳርላ።

«ስታስቀምጪው አይቼሻለሁ።»

«እና እስክንደውል ዝም አሉ?»

ሚሮን የጥጃውን ጆሮ በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ማየት ፈልጌ ነው።»

«ምኑን?»

«መሸጥ እፈልግ እንደሆነ።»

ዳርላ ነዳጁን ረገጠች። ዳገቷ አናት ላይ ሲደርሱ ጨዉን ለማንሳት ቆመች። ሁለት አጋዘኖች ቀድመዋት ደርሰዋል፤ በጡቡ ላይ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀኑ የእነሱ ይመስል ተረጋግተው ይልሳሉ። ሚሮን ተያቸው፣ ይጨርሱ አሏት።

አንዴ አየቻቸው፣ ሰዓቱን አየች፣ ጥሩምባውን ነፋችባቸው።